«ሠላሳ አምስት፣ አርባ»፦ በቨርጂኒያ የአንድ የመኪና አደጋ ካሳ ጉዳይ

ይህን ጉዳይ የምጽፈው ባለጉዳዩ ፈቅዶልኝ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ የኢንሹራንሶቹንና የጠበቃውንም እንዲሁ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላሉ ወገኖች ወረቀት አነባለሁ፣ ስልክ ላይ አስተረጉማለሁ፣ ቀጠሮ አብሬ እሄዳለሁ። የአደጋ ጉዳይ ብዙ አይቻለሁ። ይህኛውን የምጽፈው ሰውየው መኪናውን በሥርዓት ነድቶ በአነጋገሩ ሊቀጣ ስለነበረ ነው።

## ባለጉዳዩና ምሽቱ

አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው። የሚኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ቀን ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ይሠራል። ከሥራ መልስና ቅዳሜና እሁድ በስልክ መተግበሪያ ሰው ያመላልሳል። እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ከደንበኛ ጋር ይግባባል፣ ይቀልዳል። በኋላ እንዳየነው ለአደጋ ጉዳይ ይህ አይበቃም።

ማርች 14 ቀን 2024፣ ሐሙስ። የዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት ነበር። ቀኑን ሙሉ ሳይበላ ስለዋለ መተግበሪያውን በፈረንጅ ሰዓት ምሽት 7:12 ላይ አጥፍቶ ወደ ቤቱ አቀና። እዚያው ቨርጂኒያ፣ ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ አረንጓዴ መብራት ይዞ ቀጥታ ሲያልፍ ከፊት ለፊቱ የመጣች መኪና ወደ ግራ ታጥፋ መንገዱን ዘጋችበት። ፍሬን ያዘ፤ አልደረሰም። የመኪናው አፍንጫ ገባ፣ ኤርባጉ ፈነዳ።

ወርዶ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሴትዮዋ ነው። ወጣት ነች፤ ትንቀጠቀጣለች፣ ታለቅሳለች። እሱም «አይ አም ሶሪ፣ አይ አም ሶሪ» አላት። ለምን እንዳለ ስጠይቀው «እኔን ማለቴ ነዋ!» አለኝ። እኛ የሰው ልጅ ሲደናቀፍ «እኔን!» እንላለን፤ ጥፋተኛ ነኝ ማለታችን አይደለም። እንግሊዝኛ ለዚህ የተለየ ቃል ስላልሰጠው ያለውን ተጠቀመ።

ፖሊስ መጣ። ፖሊሱ ሁለቱንም አነጋገረ፣ ለማንም ቅጣት አልጻፈም። ሪፖርቱ ላይ ግን አንደኛው ሾፌር ይቅርታ መጠየቁንና ሌላኛዋን መኪና እስክትጋጭ ድረስ አለማየቱን አሰፈረ። አምቡላንስ ይፈልግ እንደሆነ ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» አለ። ቤቱ በኡበር ገባ።

## የአርብ ጠዋት ስልክ

በነጋታው ሥራ ላይ እያለ የሴትዮዋ ኢንሹራንስ አጀስተር፣ ማለትም የካሳ ጥያቄ መርማሪዋ፣ ደወለች። ድምጿ ለስላሳ ነው። እንዲቀረጽ ፈቃዱን ጠየቀችው፤ «ኖ ፕሮብለም» አለ። ቀረጻውን ከዓመት በኋላ በጠበቃው በኩል አግኝተን ሰማነው። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ከኋላ መኪና ይንጫጫል።

«ዛሬ እንዴት ነህ?» አለችው። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አላት፣ በእንግሊዝኛ። ጉዳት አለህ ወይ ብላ ደግማ ስትጠይቀው «ኖ፣ ኖ፣ አይ አም ኦኬ» አለ። በእርግጥም ያን ጠዋት አላመመውም። አንገቱና ትከሻው የያዘው ቅዳሜ ማታ ነው። እሁድ ጭንቅላቱን ማዞር አቅቶት ኡርጀንት ኬር (ያለ ቀጠሮ የሚያክም ክሊኒክ) ሄደ።

ቀጥላ ስንት እየነዳህ ነበር አለችው። እሱም «ሠላሳ አምስት፣ አርባ፣ አላውቅም» አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በአማርኛ ቁጥር የማናውቅ ከሆነ ሁለት ቁጥር አስከትለን እንጠራለን። «ስንት ሰው መጣ?» «አሥር አሥራ አምስት።» ማንም አሥራ አምስትን እንደ ቃለ መሐላ አይይዝብንም። የቦታው የፍጥነት ገደብ 35 ማይል ነበር። አጀስተሯ ማስታወሻዋ ላይ የጻፈችው «40» ብቻ ነው።

## አንድ በመቶ

ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ደብዳቤ መጣ። በፍጥነትህ ለአደጋው አስተዋጽኦ ስላደረግህ የምንከፍልህ የለም ይላል። ሰውየው ደብዳቤውን ሁለት ቀን ኪሱ ይዞት ዞረ። እሁድ ኤፕሪል 7 ከቅዳሴ በኋላ አሳየኝ።

መጀመሪያ ማስረዳት የነበረብኝ ሕጉን ነው። አልዋጥልህ አለው። በኛ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተጎጂው በከፊል አጥፍቶ ከሆነ ካሳው ይቀነሳል እንጂ ከነጭራሹ አይቀርም። አብዛኛው የአሜሪካ ግዛትም እንደዚያው ነው። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ዲሲ፣ ኖርዝ ካሮላይና እና አላባማ ግን የድሮውን ደንብ ይዘው ቀርተዋል። ኮንትሪቢዩተሪ ኔግሊጀንስ ይሉታል። ለአደጋው አንድ በመቶ እንኳ አስተዋጽኦ ያደረገ ሰው ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ካጠፋው ሰው ምንም ሊቀበል አይችልም። ዲሲ በ2016 ለእግረኛና ለብስክሌት ነጂ አላልታዋለች፤ ለመኪና ነጂ ግን እንዳለ ነው። ሐበሻው በብዛት የሚኖርበት ይህ አካባቢ፣ ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህም ወዲያም፣ እዚሁ ደንብ ውስጥ ነው የወደቀው።

«ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

«አርባ አልክ» አልኩት።

## ካሜራው

በዚያው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ቦታው ሄድን። ጥግ ላይ ያለው ነዳጅ ማደያ ካሜራ አለው፤ ግን የሚያስቀምጠው ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ጠፍቷል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ እንጀራና ቅመም የሚሸጥ የኛ ሰው ሱቅ አለ። በሩ ላይ ትንሽ ነጭ ካሜራ ተለጥፋለች።

«ጋሼ፣ ይቺ ካሜራ ትሠራለች?»

«ትሠራለች እንጂ! ሌባ ልይዝባት ነው።»

መቅጃዋ የምትይዘው 30 ቀን ነው። አደጋው ከደረሰ 24ኛ ቀኑ ነበር። ከሚጥሚጣ ካርቶኖች መሀል ተቀምጠን ፈለግን። በ7:40 ምንም የለም፤ መኪና ይሄዳል፣ ይመጣል። ሰውየው የያዘውን የማስታወሻ ደብተር አየን፤ «1:40» ይላል፤ በሐበሻ ሰዓት ነው የጻፈው። ልክ ነው፣ 7:40 ማለት ነው። ታዲያ የት ሄደ? ተስፋ ቆርጠን ልንነሳ ስንል የባለሱቁ ልጅ «ሰዓቱን አልቀየርነውማ» አለ። በአሜሪካ በዚያ ዓመት ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ፊት የተገፋው እሁድ ማርች 10 ነው። ካሜራዋ በድሮው ሰዓት ላይ ቀርታለች። 6:40 ስንከፍት መኪናው ብቅ አለ።

ምስሉ ላይ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ ሴትዮዋ ሳትቆም ነው የታጠፈችው። ሁለተኛ፣ የእሱ መኪና ከመጋጨቷ በፊት በሁለት የመንገድ መብራት ምሰሶዎች መሀል ታልፋለች። በስልኬ ስክሪኑን ቀረጽኩት። ይህ ስህተት ነበር፤ ጥራቱ ወርዶ ስለነበር ጠበቃው በኋላ ዋናውን ፋይል በፍላሽ አስገልብጦታል። ስድስት ቀን ብንዘገይ የሚገለበጥ ነገር አይኖርም ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ሜትር ይዘን በእግረኛ መንገዱ ላይ በሁለቱ ምሰሶዎች መሀል ያለውን ርቀት ለካን። 96 ጫማ ነው። ካሜራዋ በሰከንድ 15 ምስል ታነሳለች። መኪናው ያንን ርቀት ያለፈው በ30 ምስል፣ ማለትም በሁለት ሰከንድ ነው። በሰከንድ 48 ጫማ ሆነ ማለት ነው። ወደ ማይል ሲመለስ በሰዓት 33 እንኳ አይሞላም። ሰውየው ሜትሩን እየጠቀለለ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

አጀስተሯ ምስሉ ላይ ያለው ሰዓት ከፖሊስ ሪፖርቱ ጋር አይገጥምም ብላ ተከራክራ ነበር። ባለሱቁ ካሜራው እንዳልተስተካከለ በመሐላ የተረጋገጠ ቃል ጻፈ። የሰውየው ስልክ ደግሞ ወደ 911፣ ወደ ድንገተኛ ጥሪው፣ የደወለበትን 7:42 ያሳያል። በዚህ ተዘጋ።

## ጠበቃ ፍለጋ

ሁለት ጠበቃዎች ስልክ ላይ አልተቀበሉንም። ምክንያታቸውን በግልጽ ነገሩን፤ ጉዳቱ ትንሽ፣ ቃሉ የተበላሸ፣ ግዛቱ ቨርጂኒያ። ሦስተኛው ምስሉን ካየ በኋላ ተቀበለ። ውሉ እዚህ የተለመደው ነው፤ ክስ ሳይመሠረት ካለቀ አንድ ሦስተኛ፣ ክስ ከተመሠረተ 40 በመቶ፣ ምንም ካልተገኘ ምንም።

በዚሁ ሰሞን ሌላ ምክርም ነበር። ቡና ላይ አንድ ወዳጁ «እኔ የማውቀው ካይሮፕራክተር ጋ ሂድ፣ በሳምንት አራት ቀን ተኛ፣ ሃምሳ ሺህ ያስወጣልሃል» አለው። ቁጥሩን ከየት እንዳገኙት የማያውቁ ሰዎችም ደወሉለት። ሰውየው ልቡ ተከፍሎ ነበር፤ አልፈርድበትም፣ የቤት ኪራይ ደርሶበታል። ጠበቃው ግን የሚያምህን ያህል ታከም፣ ከዚያ በላይ ካሳየህ ጉዳይህን አንተው ትገድለዋለህ አለው። ሌላው ወዳጁ ደግሞ «ሦስት ዓመት ጊዜ አለህ፣ ምን አስቸኮለህ» ብሎት ነበር። ይህ ወዳጁ ራሱ የተጋጨው ሜሪላንድ ነው። በሜሪላንድና በዲሲ ሦስት ዓመት ነው፤ በቨርጂኒያ ለአካል ጉዳት የመክሰሻ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው። ከኢንሹራንስ ጋር መደራደር ደግሞ ያንን ጊዜ አያቆመውም።

## መኪናው

አጭር ነው፣ ግን ገንዘብ የፈሰሰበት እዚህ ነው። የተጎተተው መኪና ግቢ ውስጥ በየቀኑ ኪራይ ይቆጥራል። ሰውየው «አጥፊዋ ትክፈል» ብሎ የሴትዮዋን ኢንሹራንስ ዘጠኝ ቀን ጠበቀ። የራሱ ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውሉ) የግጭት ሽፋን ነበረው፤ 1,000 ዶላር ዲዳክቲብል፣ ማለትም ከራሱ ኪስ የሚሸፍነው ድርሻ፣ ስላለበት ፈርቶ አልነካውም። በመጨረሻ ተጠቀመበት። የራሱ ኢንሹራንስ መጀመሪያ የጠየቀው መተግበሪያው ክፍት ነበር ወይ የሚል ነው። ብዙ የግል ፖሊሲ ሰው ስታመላልስ የደረሰን ጉዳት አይሸፍንም። የ7:12ቱን መዝገብ አተምን፣ ሰጠን። መኪናው ቶታል፣ ማለትም ከጥገና በላይ፣ ተባለ፣ ተከፈለው። ዲዳክቲብሉም ከብዙ ወራት በኋላ ተመለሰ። የኪራዩ ግማሽ ግን ከኪሱ ወጣ።

## ህክምናውና የጠፋው ገቢ

ኤምአርአይው አንገቱ ላይ ያለ ዲስክ ማበጡን አሳየ። ከአጥንት ሐኪም ወደ ፊዚዮቴራፒ ተላከ። 24 ጊዜ ሄደ። የጤና ኢንሹራንስ ስላልነበረው ፊዚዮቴራፒው ሂሳቡን ከካሳው ላይ ለመውሰድ ተስማማ። ጠቅላላ የህክምናው ወጪ 9,215 ዶላር ሆነ።

አንድ ያልጠበቅነው ነገር አገኘን። ፖሊሲውን ገጽ በገጽ ስናነብ የ2,000 ዶላር የህክምና ክፍያ ሽፋን አለው። ጥፋቱ የማንም ይሁን የሚከፍል ነው። እንዳለው አያውቅም ነበር። ፖሊሲውን የሸጠለት ወገናችን ነው ምልክት ያደረገበት። ደውሎ አመሰገነው።

ያልሠራው ደግሞ ይኸውና። በግንቦት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ሦስት ሳምንት ከህክምናው ቀረ። ፈረቃ ሊያካክስ ነበር። ኢንሹራንሱ ያንን ክፍተት «ድኖ ነበር» ብሎ አነበበው። ለክፍተቱ ምንም ወረቀት ስላልነበረን የምንመልሰው አጣን።

የባሰው ግን ገቢው ነው። ከፓርኪንጉ የቀረበት ስድስት ሳምንት ቀላል ነበር፤ አሠሪው ደብዳቤ ጻፈ፣ በሰዓት 17 ዶላር፣ ጠቅላላ 4,080። የመተግበሪያውን ገቢ ግን ማሳየት አልተቻለም። በሳምንት 300 ዶላር ገደማ ያገኝበት ነበር። የ2023 ታክሱ ላይ ያስገባው 21,300 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ ለመኪናው ወጪ 24,000 ማይል በ65.5 ሳንቲም ተባዝቶ 15,720 ተቀነሰ። የመተግበሪያው ድርሻ 4,100 ተቀነሰ። የቀረው 1,480 ነው። ሕጋዊ ነው፣ ሁሉም ሾፌር የሚያደርገው ነው። ኢንሹራንሱ ግን ያንን ለ52 ሳምንት አካፍሎ «የቀረብህ በሳምንት 28 ዶላር ነው» አለ። ጠበቃው የየሳምንቱን የክፍያ ዝርዝር ልኮ ሞከረ። አልተቀበሉትም። ሰውየው ወረቀቱን አይቶ «በገዛ እጄ!» አለ።

## ስምምነቱ

ህክምናው በሴፕቴምበር አለቀ። የካሳ ጥያቄው ሙሉ ማስረጃውን ይዞ በጃንዋሪ 2025 ተላከ። የመጀመሪያው መልስ 6,000 ዶላር ነበር፤ «ምንም» ካለ ደብዳቤ የመጣ ስለሆነ ሰውየው ሊቀበል ተነሳ። ባለቤቱ ናት የከለከለችው። ቀጥሎ 14,000 መጣ። ጠበቃው የክስ ወረቀቱን አዘጋጅቶ ጉዳዩ ወደ ጄነራል ዲስትሪክት ኮርት እንደሚሄድ አሳወቀ። ያ ፍርድ ቤት እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ የአካል ጉዳት ጉዳይ ያያል፤ ከከፍተኛው ፍርድ ቤት ይልቅ ፈጣንና ርካሽ ነው። ኦገስት 2025 ላይ በ22,500 ተስማሙ።

ሰው ሲሰማ ሁሉን ኪሱ የከተተ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ዝርዝሩን ላስቀምጥ። ለጠበቃው 7,500። ለሪፖርት፣ ለህክምና መዝገብና ለመሳሰለው ወጪ 412። የህክምና ክፍያ ሽፋኑ 2,000 ከሸፈነ በኋላ 7,215 ዕዳ ቀርቶ ነበር፤ ጠበቃው ተደራድሮ 5,300 አደረሰው። ለባለጉዳዩ በእጁ የገባው 9,288 ዶላር ነው። ለአሥራ ሰባት ወር። አንገቱ ሲበርደው አሁንም ይይዘዋል።

ሴትዮዋ የነበራት ሽፋን በጊዜው ቨርጂኒያ የምታስገድደው ዝቅተኛው፣ ለአንድ ሰው 30,000 ነበር። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 50,000 ሆኗል። ጉዳቱ ከዚያ በላይ ቢሆን ኖሮ የሚኬደው ወደ ራሱ ፖሊሲ ነበር። በቂ ሽፋን በሌለው ሾፌር ሲገጩ የሚከፍለው ክፍል እዚያ ውስጥ አለ። ብዙ ሰው በወር ጥቂት ዶላር ለመቆጠብ የሚያሳንሰው ይህንን ነው፤ በኔ አስተያየት መቆጠብ ያለበት ሌላ ቦታ ነው።

## ሌላ ሰው ከዚህ ምን ይወስዳል

ለሌላው ወገን ኢንሹራንስ የተቀረጸ ቃል የመስጠት ግዴታ የለም። «አሁን አልችልም፣ በጽሑፍ ላኩልኝ» ይበቃል። ከራስ ኢንሹራንስ ጋር ግን መተባበር የውሉ አካል ነው፤ እዚያም አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ እንግሊዝኛ የሚችልም ሰው ቢሆን። ፍጥነት፣ ርቀት፣ ሰዓት ሲጠየቅ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ቁጥር አይጥራ። «አላውቅም» ሙሉ መልስ ነው። ሰውየው «አላውቅም» ብሎ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ስላለው ማንም አልጻፈውም።

ስለ ጤና ሲጠየቁ «ደህና ነኝ» ከአፋችን ቀድሞ ይወጣል፤ ሰላምታችን ነው። ለፖሊስና ለኢንሹራንስ «ገና ሐኪም አላየኝም» ማለት ይሻላል፤ እውነትም ነው። ሐኪም ጋ ደግሞ በዚያው ወይም በማግስቱ ቀን መሄድ። የኛ ሰውዬ ሦስት ቀን መቆየቱ በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ተነስቷል።

ለሴትዮዋ ስለተናገረው «ሶሪ» ግን ብዙ አሰብኩበት። አደጋ ላይ ለምታለቅስ ልጅ አንድ ቃል አትተንፍስ ብዬ ሰው መምከር ይከብደኛል። ባለጉዳዩን ጠየቅኩት። «አሁን ብሆን እጇን ይዤ ዝም እላለሁ» አለኝ።

ካሜራ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ይሂድ። ባለሱቁን በትሕትና ይጠይቅ፣ ዋናውን ፋይል ይውሰድ፣ ሰዓቱን ከስልኩ ጋር ያስተያይ። በኖቬምበር በርበሬ ልገዛ ያ ሱቅ ሄጄ ነበር። የካሜራዋ ሰዓት ልክ ሆኗል። «አስተካከላችሁት?» ስላቸው ጋሼ ሳቁ፤ ማንም አልነካትም፣ አገሩ ሰዓቱን መልሶ ወደ እሷ መጣ።